ከዘራው የሰማው ምክር

አንድ ሀብታም ነበረ፤ ከዘራው ከሰው እኩል የሚቆጠርለት።

ጋሽ ደምመላሽ፣ አይሂዱ፣ ይቁሙና ይስሙኝ። አሁን እዚህ ትምህርት ቤቱ በር ላይ «ሠራተኛዬን ልኬ የለም ወይ? ልጅ መጠበቅ የአስተማሪ ሥራ ነው፤ እኔ ራሴ የወላጅ ስብሰባ ገብቼ መቀመጤ ምን ይጨምራል?» ብለው ጠየቁኝ። በአጭሩ ልመልስልዎ ብል አፌ ስድብ ያመጣል፤ እርስዎ ደግሞ ታላቄ ነዎት። ስለዚህ በምሳሌ ልንገርዎ። ቁጣዬ እዚያው ውስጥ አለልዎ።

በዚያ ሀብታም አገር አንድ ልማድ ነበር። ትልቅ ሰው ከሸንጎ ሲቀር፣ ታሞም ይሁን መንገድ ሄዶ፣ ከዘራውን ይልካል። አሽከሩ ይዞ ይመጣና ጌታው በሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ቀረ አይባልም። ከዘራው መጥቷላ! ስም ሲጠራ አሽከሩ «አለ!» ይላል፤ ሸንጎውም «አለ» ብሎ ያልፋል። ልማዱ ሲጀመር ለበሽተኛ ነበር ይባላል፤ ሰው አልጋ ላይ ዋለ ተብሎ ከአገር ነገር እንዳይጣል።

ይህ ሰውዬ ግን ጤነኛ ነበር። ደረቱ እንደ ጎተራ የሰፋ፣ ድምፁ ከማዶ የሚሰማ። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ ብሎ ከዘራውን ላከ። ሌላ ቀን ፀሐይ በረታ ብሎ ላከ። በኋላማ ምክንያትም ተወ። አገሬው ሰውዬውን ረስቶ ከዘራውን ለመደ። ቀልደኞቹ ለከዘራው ከወገባቸው ጎንበስ እያሉ «እንደምን አደሩ ጌታው? ከበዓል በኋላ ከሳ አሉ እኮ» ይሉ ነበር። አንዱ እንዲያውም «ከባለቤቱ እሱ ይሻላል፤ ሰው ሲናገር አያቋርጥም» ብሏል። ሰውዬው ይህን ሲነግሩት ሳቀ። የተከበረ መስሎት!

ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት። ልጅቱ ትርንጎ ትባላለች። ሚስቱ ገና ወጣት ናት፤ ሰዉ ፈሪ ይላታል። ፈሪ አልነበረችም፣ እናት ነበረች። ልጅ የወለደች ሴት ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል፤ በር ሲንኳኳ ይወዛወዛል፣ ውሻ ሲጮህ ይወዛወዛል። ትርንጎ ስታስነጥስ ይህች ሴት ከእንቅልፏ ትነቃለች። ባሏ «አንቺኮ ከጥላሽም ትጣያለሽ» ይላታል። እሷም ዝም ትላለች፤ ዝም ማለት ከልጅነቷ የተማረችው ነው።

አገሩን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነበር። የማሽላው እርሻ ከወንዙ ማዶ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ የየቤቱ ልጆች ወፍ ሊጠብቁ ይሻገራሉ፤ ጠዋት ሄደው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመለሳሉ። የሀብታም ልጅ ነኝ ብሎ የሚቀር የለም፤ ወፍ የማንን ማሽላ እንደሚበላ ጠይቆ አይበላም።

ወንዙ ታዲያ ክረምት በመጣ ቁጥር ሆዱን ይለውጣል። አምና ጉልበት ድረስ የነበረው ዘንድሮ ሰው ይሰውራል። አምና የረገጡት ጠጠር ዘንድሮ ጎርፍ ወስዶት፣ ቦታው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከላይ ሲያዩት ግን ያው ውሃ ነው። ሰውን የሚያሞኘው ይኸ ነው፤ ሆዱ ሲለወጥ ፊቱ አይለወጥም።

ስለዚህ አገሬው አንድ ሰው መርጦ «የውሃ አባት» ብሎ ሾሞ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ጎደል ሲል እሱ ወንዙን በእግሩ እየዳበሰ የዓመቱን መሻገሪያ ይፈልጋል። ሲያገኝ ወላጆችን ይጠራል። ልጆችን አይደለም፣ ወላጆችን። «የሚሻገሩት ልጆቹ አይደሉም ወይ? ለምን ለእነሱ አታሳይም?» ሲሉት፣ «ለእነሱም አሳያለሁ። ነገር ግን ልጅ ሲደነግጥ ጆሮው ውስጥ የሚቀረው የእናት የአባቱ ድምፅ ነው። እኔን በዚያ ሰዓት አያስታውሰኝም» ይላል።

ጥሪው ደግሞ ተቀምጦ ወሬ መስማት አይደለም። እናትም አባትም ልብሱን ሰብስቦ ውሃ ውስጥ ይገባል። የውሃ አባት ከፊት፣ እነሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከኋላ። «እዚህ ጋ እግራችሁን ጫን አድርጉ። ለሰለሰ? እሱ ደለል ነው፤ ይበላችኋል፤ ተመለሱ። ኮረኮረ? እሱን ይዛችሁ ሂዱ። አሁን ደግሞ ወደ ታች እዩ፤ አያድርገውና ውሃው አንዱን ልጅ ቢወስድ የሚያወጣው በዚያ ጠጠር ላይ ነው። ልጁን ተከትላችሁ አትዝለሉ፤ እዚያ ቀድማችሁ ጠብቁት» ይላቸዋል። ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ይወጣሉ። ማታ ለየልጆቻቸው ይነግራሉ፤ ሲነጋ እጃቸውን ይዘው ያሻግራሉ።

ሀብታሙ ይህን ጥሪ ከሁሉ አብልጦ ይጠላዋል። ያ ሰፊ ደረቱ በቀጫጭን ባት ላይ የቆመ ነዋ! በጭሰኞቹ ፊት ሱሪውን ጠቅልሎ ያን ባቱን ከማሳየት ሞቱን ይመርጣል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ከበደ። ዝናቡ ዛፍ ነቅሎ፣ ድንጋይ አንከባሎ ወጣ። ጥሪው መጣ። ሴቲቱ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች።

«ወዴት ነው?» አላት ባሏ።

«ወደ ወንዙ። ተጠርተናል እኮ።»

«ከዘራዬ ሄዷል።»

«ከዘራውም ይሂድ፣ እኔም ልሂድ።»

«ከአንድ ቤት ሁለት? "ከዘራውን አላመነውም፣ ሚስቱን ጨመረበት" ሊሉኝ? ተቀመጪ።»

«ስለ ልጅቷ ብለህ! ወንዙ ዘንድሮ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ?»

«ወንዙን ለእኔ? ልጅ ሆኜ የዋኘሁበትን! የሚሻገሩት በጠፍጣፋው ድንጋይ ነው። አባቴም በዚያው ተሻግሮ፣ አያቴም በዚያው ተሻግሮ ነው ማሽላ የበላነው። ተቀመጪ አልኩ።»

ተቀመጠች። አካሏ ተቀመጠ እንጂ ልቧስ ወንዙ ዳር ቆሟል።

አሽከሩ ከቀትር በኋላ ተመለሰ። በሩ ላይ ጠበቀችው። መጀመሪያ ያየችው ፊቱን አልነበረም፤ እግሩን ነው። አቧራ ለብሷል። ደረቅ ነው።

«ምን አሏችሁ?» አለችው።

«ኧረ ብዙ ነገር አሉ፣ እሜቴ።»

«እኮ ምን ምን?»

«እሱንስ እንጃ። ሰዉ ሁሉ ውሃ ሲገባ እኔ ዳር ቀረሁ። ጌታዬ "ከዘራዬን ውሃ እንዳይነካብኝ፣ አደራ" ብለውኛል። ነፋሱም ድምፃቸውን ወደ ማዶ ይወስደዋል። እኔ ግን ከዘራውን አንዴም አላዘነበልኩትም። ስም ሲጠራ "አለ!" ብዬ ጮኼያለሁ።»

«ስለ መሻገሪያው ጆሮህ አንድ ቃል እንኳ አልያዘም?»

«አደራ የተባልኩት ከዘራውን ነው፣ እሜቴ። ወሬውን ማን አደራ አለኝ?»

እውነቱን ነው። እሱ ላይ አይፍረዱ፣ ጋሽ ደምመላሽ። የታዘዘውን አድርጓል፤ እንዲያውም አሳምሮ አድርጓል።

ሴቲቱ ነጠላዋን ሳትፈታ ወደ ጎረቤት ሮጠች፣ ወደ አንድ ጭሰኛ ቤት። የጭሰኛው ሚስት እርጥብ ቀሚሷን እየጨመቀች ነበር። ሴቲቱ «እንደው መሻገሪያው ዘንድሮ በየት ሆነ?» ብትላት፣ የጭሰኛው ሚስት ቀና ብላ አየቻት። «አይ እሜቴ! የእናንተ ከዘራ ከፊት ረድፍ ቆሞ ሲሰማ አልነበር? ዛሬ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ተኳረፈ?» አለች። ቀጥሎ ግን የሴቲቱን ፊት ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከሾላው በላይ ነው። በጠፍጣፋው ድንጋይ አዙሪት ገብቶበታል፤ በሬ ይውጣል። ግን በወሬ አይሆንም፤ ነገ ጠዋት ይምጡና አብረን እንግባ፤ እግርዎ ይወቀው» አለቻት።

ማታ ሴቲቱ ይህንኑ ለባሏ ነገረችው። ትርንጎ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እራቷን ትበላለች። ሰውዬው የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

«የጭሰኛ ሚስት ናት እንግዲህ ለእኔ ልጅ መንገድ የምታሳየው! ትርንጎ፣ ነይ እስቲ። አንቺ የምትሰሚው አባትሽን ነው ወይስ የመንደር ወሬ?»

«አባዬን» አለች ልጅቱ።

«መሻገሪያው የት ነው?»

«በጠፍጣፋው ድንጋይ።»

«ጎበዝ!» ብሎ አጎረሳት። 

ሲነጋ እናትየው ላሟን ቶሎ አልባ ልጅቷን ራሷ ልታደርሳት ነበር ሐሳቧ። ላሟን አልባ ስትነሣ ትርንጎ የለችም። ልጆቹ በደጅ ሲያልፉ ጠርተዋት፣ አባቷም «ሂጂ፣ እናትሽን ከጠበቅሽ ወፉ ማሽላውን ይጨርሰዋል» ብሎ ሰዷታል። ሴቲቱ የወተቱን ዕቃ እዚያው ጥላ ቁልቁለቱን ወረደች።

ልጆቹ ወንዙ ዳር ደርሰው ሁሉም ወደ ሾላው ዞሩ። ትርንጎ ብቻ በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ቆመች።

«ትርንጎ! ወደዚህ ነይ እንጂ! በዚያ ዘንድሮ የለም!» ብላ ጮኸች የጭሰኛው ልጅ።

«አባዬ በዚህ ነው ብሏል!»

«አባትሽ መቼ መጡና ያውቃሉ? የመጣው ከዘራቸው ነው!»

ልጆቹ ሳቁ። አንዱ ቅርንጫፍ አንሥቶ ቀጥ አድርጎ ያዘና «አለ!» አለ እንደ አሽከሩ። የበለጠ ሳቁ። ትርንጎ ዓይኗ እንባ ሞላ። አባቷን ሰደቡባት! ልጅ ለአባቷ ክብር ምን ታደርጋለች? ቃሉን እውነት ታደርግለታለች። «አባዬ ከእናንተ አባቶች ሁሉ በላይ ያውቃል!» አለችና ገባች።

ውሃው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷን ያዘ። ዞር ብላ አየቻቸው፤ አያችሁ ለማለት። አንድ ስትራመድ ጉልበቷን ያዘ። ሌላ ስትራመድ ግን የምትረግጠው ጠፋ።

እናትየው ከቁልቁለቱ መካከል ሆና አየች። ልጅቷ አንዴ ብቅ ስትል የጠራችውን ስምም ሰማች። «እማዬ» አላለችም። «አባዬ!» ነው ያለችው። መንገዱን የነገራት እሱ ነዋ፤ ሲጠፋባት የምትጠይቀውም እሱን ነው።

የጭሰኛው ልጅ አባት ታናናሾቹን አሻግሮ ማዶ ነበር። ጩኸቱን ሲሰማ ወደ አዙሪቱ አልዘለለም። የውሃ አባት እንዳሳያቸው ወደ ታች ሮጦ፣ ጠጠሩ ላይ እስከ ወገቡ ገብቶ ጠበቃት። ውሃው ልጅቷን እያገላበጠ አመጣት፤ በቀሚሷ ለቀም አደረጋት። ጠጠሩ ላይ ደፍተው ጀርባዋን ሲጫኗት ውሃውን ተፋች፣ ከዚያ አለቀሰች። ክንዷ ተሰብሯል። እናትየው ስትደርስ የልጇን እግር ነበር ያቀፈችው።

አሁን እንግዲህ አባቷ ምን አደረገ ይመስልዎታል? አለቀሰ? ወደ ወንዙ ወረደ? ያን ጭሰኛ እጁን ሳመው?

ሸንጎ ጠራ! ለዚህ ከዘራውን አልላከም። ራሱ በበቅሎው መጣ፣ ከዘራውን ይዞ፣ በድንጋዩ ላይ ራሱ ተቀመጠ። የውሃ አባትን ካልሻራችሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

«አገር የሾመህ ለምንድን ነው? ልጆቻችንን አደራ የሰጠንህ እንድታስበላን ነው?» አለው።

«ጠርቼ ነበር» አለ የውሃ አባት።

«እኔስ ቀረሁ ወይ? ከዘራዬ ነበረ! ስሜ ተጠርቶ "አለ" ተብሏል! ሰዉ ሁሉ ምስክር ነው። እኔ ካለሁ፣ ልጄ ግን ውሃ ከበላት፣ ጥፋቱ ያላስተማርከኝ ያንተ ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልማዱ አስሯቸዋል። ከዘራው ከመጣ ሰውዬው ነበረ፤ ይህን ሲሉ የኖሩት ራሳቸው ናቸው። ደግሞ ግማሾቹ የሚያርሱት የእሱን መሬት ነው። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ በልማዳችን... ጌታው እንደ ነበሩ ነው የሚቆጠረው... የውሃ አባት ለጊዜው ገለል ቢልና...» እያለ ተንተባተበ። ሌሎቹ መሬት መሬት ያያሉ። እሱ ገለል ካለ በሚቀጥለው ክረምት ለልጆቻቸው መሻገሪያ የሚፈልግ እንደማይኖር ሁሉም ያውቃል። እያወቁ ዝም!

ሴቲቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። በዚያ ሸንጎ ሴት አትናገርም፤ ከዳር ሆና ትሰማለች። እሷ ግን የወንዶቹን ረድፍ ሰንጥቃ አለፈች። ባሏ ፊት ስትደርስ ከዘራውን ከእጁ ነጠቀችው። በዚያ አገር የወንድን ከዘራ ከእጁ መንጠቅ ከጥፊ ይብሳል። 

ከዘራውን በድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመችና እጇን ለቀቀች። ወደቀ። አንሥታ እንደገና አቆመችው። እንደገና ወደቀ።

«አለ አላችሁ፤ ሰምቷል አላችሁ» አለች።  «እስቲ ይናገር! መሻገሪያው በየት ነው? እናንተ ትልልቅ ሰዎች፣ ስትሰግዱለት የኖራችሁ፣ ጠይቁልኝ እንጂ! ልጄ ውሃው ውስጥ "አባዬ" እያለች ስትጠራ ይኸንን ነበር የምትጠራው?»

«አበደች! ያዟት!» አለ ባሏ። ማንም አልያዛትም።

ከዘራውን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። ሸንጎው በሙሉ ተነሥቶ ተከተላት፤ ባሏም እየጮኸ ተከተላት። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ቆማ ከዘራውን ወደ ውሃው ወረወረችው። ውሃው አዞረው፤ ከዚያ በራሱ ቀጥ አድርጎ አቆመው፣ ልክ እንደ አሽከሩ። ሰውዬው ቁመቱን ያውቀዋል፤ ደረቱ ድረስ የሚደርስ ከዘራ ነው። እያየው እስከ ጫፉ ወረደ፤ ጠፋ።

ሴቲቱ ወደ ባሏ ዞረች። «የላክኻት እዚህ ነው» አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

ሰውዬው ከድንጋዩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።   የውሃ አባት መጥቶ አጠገቡ ቆመ፤ አልገሠጸውም። «ይበርዳል ጌታው፣ ግን ይሻገራል። ይነሡ፣ ከሾላው በላይ ነው» ብሎ እጁን ዘረጋለት። ሰውዬው ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን ጠቀለለ። ያ ቀጭን ባቱ ታየ። አንዱ ከኋላ ሳቀ፤ ሌላው በክርኑ ጎሰመው። ሰውዬው ግን ሳቅ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ገባ።

ማታ ቤቱ ሲገባ ትርንጎ ክንዷ በቀርከሃ ታስሮ ተኝታለች። አጠገቧ ተቀመጠ። ሱሪው ገና አልደረቀም።

«ትርንጎዬ፣ መሻገሪያውን ዛሬ አየሁት። ሲሻልሽ እኔ ራሴ አሻግርሻለሁ» አላት።

 ልጅቷ «አባዬ፣ እውነትህን ነው? ታውቀዋለህ?» አለችው።

ይኸ ጥያቄ ከዚያ በፊት ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አባት ያለው መንገድ መንገድ ነበር፣ አለቀ። ሰውዬው «አዎ» አላት፤ እውነቱንም ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ እናቷ መለሰች፤ እናቷ ራሷን በአዎንታ እስክትነቀንቅ ጠበቀች። ክንዷ ዳነ፣ ማሽላውም ተሰበሰበ። ሰውዬው በየጠዋቱ ቀድሟት ውሃ ይገባል፤ እሷ ግን የምትረግጠው እናቷ የረገጠችበትን እያየች ነው። ያቺ ልጅ የአባቷን ቃል ሳትጠይቅ ያመነችበት ቀን መቼ እንደ ተመለሰ፣ ከነጭራሹም ተመልሶ እንደሆነ፣ ለእኔ የነገረኝ የለም።

ይኸውልዎ ጋሽ ደምመላሽ፣ ምሳሌው ይኸ ነው። ፍቺውን ያጡታል ብዬ አይደለም፤ ግን እዚህ በር ላይ ጮክ ብዬ ካልተናገርኩት ሆዴ አያርፍም።

ወንዙ ይኸ ልጆቻችን የሚያድጉበት ዘመን ነው። ፊቱን ሲያዩት ያው ነው፤ ያው ሰፈር፣ ያው ጎረቤት፣ ያው የትምህርት ቤት መንገድ። ሆዱ ግን በየዓመቱ ይለወጣል። እርስዎ «እኛስ አድገን የለም ወይ? ማን ተሰብስቦ መከረልን?» ይላሉ። እሱ ጠፍጣፋው ድንጋይ ነው፣ ጋሽዬ! አባትዎ ተሻግሮበታል፣ እርስዎም ተሻግረውበታል። ዘንድሮ ግን ምን እንዳለበት በእግርዎ ረግጠው አይተዋል?

ባለፈው ስብሰባ ምን እንዳሉን ያውቃሉ? ልጅ ከስልክ ጋር ብቻዋን በር ዘግታ አትቀመጥ አሉን፤ በስልኩ ጨዋታ ውስጥ ልጅ መስሎ የሚያወራት ጎልማሳ ሊሆን ይችላል አሉን። ከማን እንዳገኘችው የማትነግራችሁ ስጦታ ይዛ ከመጣች አትምቷት፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቋት አሉን። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» የሚል ትልቅ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ አጎትም ይሁን የቤት ወዳጅ፣ ልጅቷ ሮጣ ለእናቷ እንድትነግር አስተምሯት አሉን። አንድ ቤት አልሄድም ብላ ስታለቅስ ባለጌ ናት ብላችሁ እየጎተታችሁ አትውሰዷት አሉን።  ስንት ጊዜ የራሴን ልጅ «ሂጂ ሳሚያቸው፣ ምን ያሽኮረምምሻል» ብዬ ገፍቼያታለሁ!

የእርስዎ ሠራተኛ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ጨዋ ልጅ ናት። ስም ሲጠራ «አቤት» አለች። ስንወጣ «ለጋሼ ምን ትነግሪያቸዋለሽ?» አልኳት። «ተገኝቻለሁ እላቸዋለሁ» አለችኝ። ሌላ ምን ትበል? የላኳት እንድትገኝልዎ ነው እንጂ እንድትሰማልዎ አይደለም። ብትሰማስ የልጅዎ የሶልያና አባት እርስዎ አይደሉም ወይ? ያቺ ልጅ አንድ ቀን የሚያስደነግጣት ነገር ሲገጥማት፣ አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ ያለቻትን ሁሉ ብትረሳ እንኳ፣ የእርስዎ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ይቀራል። ባዶውን ነው የሚቀረው ወይስ የሚያሻግራትን ቃል ይዞ?

አያድርገውና አንድ ነገር ቢሆን ደግሞ ይህን በር ሰብረው የሚገቡት፣ «ልጄን ምን አደረጋችኋት?» ብለው ዳይሬክተሯን የሚያስጨንቁት እርስዎ ነዎት። ለዚያማ ሰው አይልኩም። ለዚያማ ሥራ አይበዛብዎትም። እኔን ያናደደኝ ይኸ ነው። ለክሱ በእግርዎ የሚመጡ፣ ለምክሩ በሰው እግር!

አይቆጡኝ። ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፣ ይሁን። ልጆቻችን አንድ ክፍል ነው የሚቀመጡት፤ የእርስዎ ልጅ የሄደችበትን የእኔም ትከተላለች።

የዛሬው ስብሰባ ሊጀመር፣ በሩን ሊዘጉ ነው፤ መምህርቷ ተነሥታለች። ሠራተኛዎ ያቻት፣ ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይዟታል፤ ከጠዋት ጀምራ ልብስ ስታጥብ የዋለች ናት። ቀስቅሰው ወደ ቤት ይላኳት፣ ትረፍበት። ወንበሯን እርስዎ ይያዙት። ይግቡ እንጂ፣ እኔ ጠጋ እልልዎታለሁ።